«ደህና ነኝ»

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲያልፍ ለቡ መብራት ኃይል ድምፁ ይቀንሳል። ቀን ሙሉ ሲጣሩ የዋሉት የታክሲ ረዳቶች ገብተዋል፣ ሱቆች ተዘግተዋል፤ የቀረው የጥበቃ ፉጨትና የውሻ ጩኸት ነው። በዚህ ሰዓት አንድ ሚኒባስ ከአስፋልቱ ታጥፎ፣ ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ ገብቶ አንድ ግቢ ፊት ይቆማል። ሾፌሩ ጡሩንባ አይነፋም፤ ሚስኮል ያደርጋል። ከውስጥ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትከሻው ላይ ሦስት ወርቃማ መስመር ያለው ወጣት ይወጣል። ሻንጣው ጎማ አለው፤ እሱ ግን አይጎትተውም፣ ተሸክሞታል። ጎማው ኮብልስቶኑ ላይ ሲንቋቋ ልጁ እንዳይነቃበት ነው።

ጋቢ የተከናነቡት ዘበኛ በሩን ይከፍቱለታል።

«ደህና ነህ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«በሰላም ግባ።»

ይህ ወጣት ለዚህ ምዕራፍ የታሰበ ረዳት አብራሪ ነው፤ ስም አንሰጠውም። ሚኒባሱ ቀለበት መንገዱን ይዞ ወደ ቦሌ ሲበር ትተነው ስለ መልሱ እናውራ። አብራሪዎች ከበረራ በፊት ራሳቸውን እንዲጠይቁ የሚማሩት ስድስት ጥያቄ አለ። አሞኛል? መድኃኒት ወስጃለሁ? ውጥረት ላይ ነኝ? አልኮል ጠጥቻለሁ? ደክሞኛል? ስድስተኛው እንደ መምህሩ ይለያያል፤ አንዱ «በልቻለሁ ወይ?» ይላል፣ ሌላው «ስሜቴ የተረጋጋ ነው ወይ?»። የጥያቄዎቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሲገጣጠሙ «አይም ሴፍ» የሚል ይወጣቸዋል። ደህና ነኝ እንደ ማለት ነው።

ከስድስቱ ጥቂቶቹን መሣሪያ ይመልሳቸዋል። አልኮልን ትንፋሽ ያጋልጣል፣ ትኩሳትን ቴርሞሜትር። ውጥረትንና ድካምን የሚለካ መሣሪያ ግን ብሪፊንግ ክፍሉ በር ላይ የለም። እዚያ ያለው ማስረጃ የሰውየው ቃል ብቻ ነው። በዘመናዊ አቪዬሽን እያንዳንዱ ብሎን ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱ ሞተር መዝገብ አለው፤ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው መረጃ ግን አንድ ሰው እውነቱን ለመናገር በመድፈሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያ ድፍረት ለምን ውድ እንደሆነ ነው።

በድካሙ እንጀምር፤ ከጭንቀት ይልቅ ለመናገር ይቀላልና። የአብራሪ ሮስተር፣ ማለትም የሥራ ፕሮግራሙ፣ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ከቦሌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የሚነሳ በረራ ትኬት ላይ 00:30 ይባላል፤ ሮስተሩ ላይ ደግሞ 21:30 ነው፣ ያውም በትናንትናው ቀን። ሌላው ዓለም በሁለት ሰዓት የሚኖረውን ኢትዮጵያዊው አብራሪ በሦስት ይኖረዋል፦ ለእናቱ አንድ፣ ለመንገደኛው ሌላ፣ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ሦስተኛ። አካሉ ግን የሚያውቀው አንድ ሰዓት ነው፤ እሱም ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ የሚቀረጸው ነው። በዚህ የአካል ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ጉድጓድ ነው። የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ ዓይን ይከብዳል፣ ውሳኔ ይዘገያል። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ በሌሊት የሚሄድ አብራሪ ይህንን ጉድጓድ የሚሻገረው ሜዲትራኒያን እስኪደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማረፍ የሚባለው ከባዱ ሥራ ይጀምራል።

በ1997 እ.ኤ.አ. ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ማንም በሚገባው መንገድ አስቀመጠው። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው የሚወርደው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለ ሰው ነው። የለቡው ወጣት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጁ ቀስቅሶት ከሆነ፣ ከዚያ በኋላም ሸለብ ካላደረገው፣ ሚኒባሱ ሲመጣ 16 ሰዓት ሙሉ ነቅቷል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቀንና ሌሊቱ ይሞላለታል። አልኮል ቢጠጣ ኖሮ ይታሰር ነበር። ባለመተኛቱ ግን የሚጠይቀው የለም፤ ራሱን ካልጠየቀ በቀር።

የአውሮፕላኑ አየርም የራሱ ድርሻ አለው። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 8,000 ጫማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ ይህ ከቦሌ ከፍታ ትንሽ ይበልጣል። ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 ላይ ግን ይህ የግፊት ከፍታ ከ6,000 ጫማ አያልፍም፤ ማለትም 40,000 ጫማ ላይ የሚበር ሰው የሚተነፍሰው ባሕር ዳር ከተማ ላይ የቆመ ሰው የሚተነፍሰውን ያህል ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ወደ ቆላ እንደ መውረድ ይቆጠራል። አየሩ ግን ደረቅ ነው፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያሳክካል፤ ለስምንት ሰዓት እንቅልፍ ላጣ ዓይን ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አዲስ አበባ ደርሶ መውረድ ሲገባው 37,000 ጫማ ላይ እንዳለ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ የለም። በወቅቱ የአቪዬሽን የዜና ምንጮች እንደዘገቡት ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ የቀሰቀሳቸውም አውቶፓይለቱ ሲላቀቅ የጮኸው ማስጠንቀቂያ ነው። አውሮፕላኑ ዞሮ ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ በሰላም አረፈ። አየር መንገዱ ለጊዜው ግንኙነት ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ አብራሪዎቹን እስኪጣራ ከሥራ አገዳቸው። ዜናው ዓለምን ዞረ። ብዙ ሰው ሳቀ፣ ብዙ ሰው ተቆጣ። ናሳ ግን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ በረጅም በረራዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በተራ 40 ደቂቃ እንዲያርፉ የተፈቀደላቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ እንደተኙና ከዚያ በኋላ ንቃታቸው በ54 በመቶ፣ ሥራቸው በ34 በመቶ እንደተሻሻለ አሳይቷል። አንዱ ነቅቶ ሌላው ሲያርፍ፣ እየተነጋገሩና እየተመዘገበ፣ እንቅልፍ መሣሪያ ነው። አደጋ የሚሆነው ሁለቱም ደክሟቸው ሁለቱም ሲደብቁ ነው።

ወደ ውጥረቱ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አብራሪ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሕክምና ምርመራ ያደርጋል፤ ዕድሜው 60 ሲያልፍ በየስድስት ወሩ ነው። «ሜዲካል» ይሉታል። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡ፣ ደሙ፣ ሽንቱ ይታያል። ከዚህ ሌላ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሙሌተር ውስጥ ይፈተናል፤ ሞተር ይቃጠልበታል፣ ሃይድሮሊክ ይጠፋበታል፣ ጭጋግ ይወርድበታል፣ ከኋላው ያለው ፈታኝ ደግሞ ዝም ብሎ ይጽፋል። ሌላ ባለሙያ ዲፕሎማውን አንድ ጊዜ ከያዘ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። የአብራሪ እንጀራ ግን በዓመት ብዙ ጊዜ ሚዛን ላይ ይወጣል።

በዚህ ላይ ቤተሰብ አለ። «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» የተባለ የኢትዮጵያ ልጅ ሁለት መልስ አለው፤ ዶክተር ወይ ፓይለት። ፓይለት የሆነው ልጅ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እናት በዕድር ስብሰባ ላይ ታነሳዋለች፣ አጎት ለሥራ ጓደኞቹ ያወራለታል፣ ታናናሾቹ የትምህርት ቤት ክፍያ እሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ «እማዬ፣ ሌሊት ሌሊት ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ቢል የሚሰማው መልስ ይታወቃል። ጸበል። ወይም «ዓይን ገብቶብህ ነው»። ወይም ደግሞ «ለማንም እንዳትናገር»። ሦስቱም ከፍቅር የሚመጡ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን አደገኛው ነው።

አማርኛ ለዚህ ስሜት ቃል አላጣም፤ ውጥረት፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ ሆድ መባስ። ያጣነው የሚነገርበት ቦታ ነው። «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር ለስድብ ከዋለ ቆይቷል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ፣ ስንት ሰው ያዳነ ሆስፒታል ስሙ ማስፈራሪያ ሆኖ ቀርቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ባለሙያው ውጭ ተምሮ የሚመጣ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለአብራሪ ብቻ የከበደ አይደለም። አብራሪው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ሐኪም ዘንድ መሄዱ ራሱ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል።

ሥራው ምን እንደሚያሸክም ለማየት ከኢትዮጵያ ሰማይ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ በሦስት ሰዎች የተጠለፈውን ቦይንግ 767 ያበሩ የነበሩት ካፒቴን ልዑል አባተ ነበሩ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴኑ ነዳጁ ናይሮቢ የሚያደርስ ብቻ እንደሆነ ቢያስረዱም አልተሰሙም። የባሕሩን ዳርቻ ላለመራቅ እየሞከሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሁለቱም ሞተሮች ነዳጅ ጨርሰው ሲጠፉ፣ ኮክፒት ውስጥ ትግል እያለ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ውኃ ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። ካፒቴኑ የሙያ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፣ ይገባቸዋልም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ያ ጠለፋ ለልዑል አባተ የመጀመሪያቸው አለመሆኑ ነው። በ1992 እና በ1995 እ.ኤ.አ. ሌሎች ሁለት ጠለፋዎችን አሳልፈው ነበር። ሦስት ጊዜ ሞት ኮክፒት ገብቶ አጠገባቸው ተቀምጧል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሜዳሊያ መስጠት እናውቅበታለን። ሌሊት ሲነቃ ማን እንደሚያናግረው ግን የምናስበው ጥቂቶች ነን።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በማዕበል ሌሊት ባሕር ውስጥ ወድቆ 90 ሰው አለቀ። የሊባኖስ መርማሪዎች በሪፖርታቸው የሥራ ጫናና ውጥረት የካፒቴኑን አቅጣጫ የመለየት ችሎታ እንዳወከ ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ወገን ይህንን አልተቀበለም፣ አውሮፕላኑ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ነበር ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን እዚህ የምንፈታው አይደለም። ልብ የሚባለው ግን «ውጥረት» የሚለው ቃል በይፋዊ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ሁሉም ሰው እንደ ክስ መስማቱ ነው። ክንፍ ላይ ስንጥቅ ተገኘ ቢባል ክንፉን ማንም አይሰድበውም። ሰው ላይ ስንጥቅ ተገኘ ሲባል ግን ነውር ይሆናል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ አለ። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ የተነሳው በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል፤ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25። አንድ የተበላሸ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ እየሰጠ፣ አንድ ሶፍትዌር አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት እየደፋ፣ ሁለቱ ወጣቶች እስከ መጨረሻው ታገሉ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው ያለቀው በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ነበር። ሆኖም ቀብር ሳይጠናቀቅ፣ አሜሪካ ተሠልጥነው ቢሆን ኖሮ የሚሉ ድምፆች ተነሱ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጭምር። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ሲወጣ አብራሪዎቹ የአምራቹን መመሪያ ተከትለው እንደነበር ተነገረ።

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቦሌ ሌሎች አውሮፕላኖች ተነስተዋል። ማግስቱም፣ ከማግስቱም ማግስት። የሚያበሯቸው ሰዎች ከያሬድና ከአህመድኑር ጋር ሲሙሌተር የገቡ፣ ቡና የጠጡ፣ በአንድ ሰርቪስ የሄዱ ናቸው። ለቅሶ ቤት ደርሶ ማታ ብሪፊንግ መግባት ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ኢትዮጵያዊ ሐዘኑን የሚያወጣበት ሥርዓት አለው፤ ድንኳን፣ ሦስት ቀን መቀመጥ፣ አርባ። ሮስተር ግን አርባ አያውቅም።

*

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የለቡው ወጣት በረራ በሚነሳበት በዚያው ሰዓት፣ በረራ 702 በሮም በኩል ሚላን ሊሄድ ከቦሌ ተነሳ። 202 ሰው ይዟል። በመንገድ ላይ ካፒቴኑ መጸዳጃ ቤት ወጡ። ረዳት አብራሪው በሩን ከውስጥ ቆለፈ። አውሮፕላኑ በሱዳን ሰማይ ላይ ሳለ ተጠልፌያለሁ የሚለውን ምልክት ላከ። ከዚያ ረዳት አብራሪው ጄኔቫ ላይ እየዞረ ጥገኝነት እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ነዳጁ እያለቀ ሲመጣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አሳረፈው። በኮክፒቱ መስኮት ገመድ ጥሎ ወረደና ለፖሊሶች ጠላፊው እኔ ነኝ አለ። ማንም አልተጎዳም።

ስሙ በዚያን ሰሞን በመላው ዓለም ተነስቷል፤ እዚህ ማንሳት አስፈላጊ አይመስልም። ያን ሳምንት የዓለም ዜና ያተኮረው የስዊዘርላንድ ተዋጊ ጄቶች በቢሮ ሰዓት ብቻ ስለሚበሩ አጃቢ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ መላኩ ላይ ነበር። አገር ቤት ደግሞ ወሬው ፖለቲካ ሆነ፤ አንዱ ጀግና አለው፣ አንዱ ከሃዲ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት። ስዊዘርላንድ አሳልፌ አልሰጥም አለች፤ ባለሙያዎች መርምረውት፣ በዚያች ሌሊት ሰዎች ይከታተሉኛል በሚል ጽኑ ጥርጣሬና ፍርሃት ታሞ እንደነበር ስላረጋገጡ በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም ተባለ፤ ሕክምና ታዘዘለት። ሁለት አገር፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት ፍርድ። ሁለቱም ያልጠየቁት ግን ለዚህ ምዕራፍ ዋናው ነው። ያ ሰው ከዚያች ሌሊት በፊት በነበሩት ሳምንታት «ደህና አይደለሁም» ማለት ቢፈልግ፣ ሥራውን ሳያጣ ለማን ይናገር ነበር?

ፍርዱ በተሰማበት በዚያው ወር፣ መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ የሚሄድ የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን የአልፕስ ተራራ ላይ ወድቆ 150 ሰው አለቀ። አነሳሱ ከጄኔቫው ጋር ይመሳሰላል፤ ካፒቴኑ ወጡ፣ ረዳቱ በሩን ቆለፈ። መጨረሻው ግን ሆን ተብሎ የተፈጸመ እልቂት ነበር። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ማየት ስህተት ይሆናል፤ አንደኛው መንገደኞቹን በሙሉ በሰላም አሳርፏል። የሚያመሳስላቸው በሩና ዝምታው ነው። በሩ እንዲህ የተጠናከረው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት በኋላ፣ ጠላት ከውጭ እንዳይገባ ነው። ያኔ ከውስጥ የሚመጣውን ማንም አላሰበም። የፈረንሳይ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት የጀርመኑ ረዳት አብራሪ ከዓመታት በፊት በድብርት ታሞ ሥልጠናውን አቋርጦ ነበር፤ ባለቀ ሰዓት ላይ ብዙ ሐኪም ዘንድ ቀርቧል፤ እንዳይሠራ የተጻፈለትን የሐኪም ወረቀት ግን ለአሠሪው አላሳየም። ፈቃዱን ቢያጣ ገቢውም ሕልሙም ይጠፋል፣ የሥልጠና ብድር ደግሞ አለበት።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የሚያስፈልግ ነገር አለ። ድብርት ያለበት ሰው አደገኛ ሰው አይደለም። ከአእምሮ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች በብዛት ማንንም አይጎዱም፤ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። አብራሪዎችም እንዲሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት፣ ስም ሳይጠቀስ በበይነ መረብ የተሞላ መጠይቅ ከ1,848 አብራሪዎች 233ቱ፣ ማለትም ከስምንት አንዱ፣ የድብርት መለኪያውን አልፈው አገኛቸው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ በሰላም ያበራሉ። አስደንጋጩ ቁጥር ሌላ ቦታ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁት 3,765 አብራሪዎች 56 በመቶ ያህሉ፣ ፈቃዳችንን እናጣለን ብለው ሕክምናን ሸሽተው ወይም ለሐኪም እውነቱን ሳይናገሩ እንደሚያውቁ ገለጹ። ከግማሽ በላይ ናቸው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። እዚህ ግን ሕጉ ራሱ ደብቅ ሲል ኖሯል፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ አብራሪ ማብረር አይችልም ነበር። ያኔ አብራሪው ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ታክሞ ሥራ መፍታት ወይም ሳይታከም መብረር። ብዙዎች የትኛውን እንደመረጡ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም። በዚያ ዓመት አራት መድኃኒቶች፣ ከክትትል ጋር፣ ተፈቀዱ።

ከጀርመንዊንግስ በኋላ መጀመሪያ የተነካው በሩ ነው። ኮክፒት ውስጥ ምንጊዜም ሁለት ሰው ይኑር ተባለ፤ አንዱ አብራሪ ሲወጣ አስተናጋጅ ገብታ ትቆማለች። አውሮፓ ይህንን ምክር ከዓመት በኋላ አላላችው። ቆይቶ የመጣው ግን የተሻለ ነው። ከየካቲት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ አየር መንገዶች በሙሉ አብራሪን ሥራ ሳያስጀምሩ የሥነ ልቦና ምዘና እንዲያደርጉና የእኩያ ድጋፍ የሚባል ሥርዓት እንዲኖራቸው በሕግ ተገደዱ።

የእኩያ ድጋፍ ነገሩ ቀላል ነው። የሚያዳምጥህ ራሱ አብራሪ ነው። ሌሊቱን ያውቀዋል፣ ሲሙሌተሩን ያውቀዋል፣ ቤት ሲገባ ልጁ «ማነው?» ብሎ የሚሸሸውን አባት ያውቀዋል። እንዴት ማዳመጥ እንዳለበት ሠልጥኗል፤ ከጀርባው የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ። የነገርከው፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እስካልወደቀ ድረስ፣ አለቃህ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም። አብዛኛው የሚነሳው ጉዳይ ደግሞ ከእብደት ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ፍቺ፣ ብድር፣ የታመመ ወላጅ፣ የወደቀ ፈተና ነው። ጥቂት ቀን እረፍት፣ አንድ ሁለት ጥሩ ውይይት፣ አንዳንዴ ሐኪም፤ ከዚያ ወደ ሥራ መመለስ። ቁልፉ ያለው በመመለሱ ላይ ነው። የሚመለስበት መንገድ ያየ ሰው ቀድሞ ይናገራል።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ንስሐ አባት ያለው ሕዝብ ነን፤ የነገሩት ከመሬት በታች የሚቀበርበት። መስጊድ ከሰላት በኋላ ወደ ጥግ ወስደው «ምን ሆነሃል?» የሚሉ ሸኽ አሉ። የቡና ጎረቤት አለ። ችግሩ እነዚህ ሁሉ ኮክፒት ምን እንደሆነ አለማወቃቸው ነው። ኮክፒትን የሚያውቁት ሐኪሙና አለቃው ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፈቃዱን የያዙ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማገናኘት፣ የንስሐ አባትን ምስጢር ጠባቂነትና የካፒቴንን ልምድ፣ ሚሊዮኖች የሚፈስባቸው አዳዲስ ሲሙሌተሮችን ያህል እንኳ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

*

የለቡው ወጣት ከሁለት ሌሊት በኋላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይመለሳል። ሚኒባሱ አሁን ከመንገደኛ ታክሲዎች ጋር ይጋፋል፤ ሰፈሩ ወደ ሥራ ሲወጣ እሱ ይገባል። ዘበኛው «እንኳን በሰላም መጣህ» ይሉታል። የሁለት ሌሊት የእንቅልፍ ዕዳ አሁን መከፈል አለበት።

በአዲስ አበባ ቀን መተኛት የራሱ ጥበብ ይጠይቃል። መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ከመጋረጃው በስተኋላ ወፍራም ብርድ ልብስ በሚስማር ተሰቅሏል፤ ብርሃን ካየ አእምሮው ነጋ ብሎ ይነቃልና። ስልኩ ሳሎን ይቀራል። ቡናው ሦስተኛው ሲኒ ድረስ ቢሸትም አይቀምስም፤ ካፌይን ለሰዓታት ደም ውስጥ ይቆያል። ከጎን ያለው አዲስ ሕንፃ ግን ሲሚንቶ ማደባለቂያውን ያስነሳል። መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ጄኔሬተር ይጮሃል። አንድ ቀን ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ለቅሶ ያልደረሰ ደግሞ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ ሦስት ሰዓት የተኛ ሰው ተነስቶ ነጠላ አደግድጎ ይቀመጣል። «ዛሬም ሥራ የለህም?» የሚሉት ጎረቤት አይጠፉም፤ ሌሊት ሲወጣ አላዩትማ።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የአብራሪው ደህንነት የሚጠበቀው በሚስቱ ነው። ሮስተሩን ከእሱ እኩል ታውቀዋለች። የዛሬው በረራ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት መተኛት እንዳለበት በጣቷ ትቆጥራለች። ሲነጫነጭ ድካም ይሁን ሌላ ነገር ከማንም ቀድማ የምትለየው እሷ ነች፤ የአቪዬሽን ሐኪም በዓመት አንድ ቀን ሲያየው እሷ የቀረውን ሁሉ ታየዋለች። ዛሬ ሲገባ ቦርሳውን ተቀብላው ፊቱን ትመለከታለች።

«እንዴት ነህ?»

ለዘበኛው የሰጠውን መልስ ሊሰጣት አፉን ይከፍትና ይተወዋል። ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይቀመጣል።

«ደክሞኛል» ይላታል። «እንቅልፍ ብቻ አይመስለኝም።»

ምንም ሳትለው አጠገቡ ትቀመጣለች። ብዙ ያወራሉ። በኋላ እሱ ገብቶ ሲተኛ ከመንገዱ ጫፍ «ቁራሌው! ቁራሌው!» የሚል ድምፅ እየቀረበ ይመጣል። ነጠላዋን ደርባ፣ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ በሩ ትሮጣለች፤ በሩን ከፈት አድርጋ ጆንያ የተሸከመውን ልጅ በእጇ ትጠራዋለች፣ ሁለት ባዶ የፕላስቲክ ጀሪካን ታቀብለዋለች፣ ገንዘቡን እንዲተውላት በምልክት ትነግረዋለች፣ ከዚያም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በታችኛው መንገድ እንዲያልፍ ታሳየዋለች።